ኮሶ ጠጥቶ መንገድ

ቡናው እስኪፈላ አንድ የሚያሳፍር ነገር ላጫውታችሁ። እየበላችሁ ከሆነ ጨርሱና ተመለሱ፤ ወሬው ስለ ሆድ ነው፣ ያውም ስለሚገባው ሳይሆን ስለሚወጣው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ደሴ የሚያስኬድ ጉዳይ ገጠመኝ። ከመንገዱ በፊት ባሉት አራት ቀናት ሆዴ ደርቆ፣ ተነፍቶ፣ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ነበር። አንድ ወዳጄ ጭንቀቴን አይቶ፣ “ሰነመኪ ጠጣበት። ሻይ እኮ ነው፤ ቅጠል ነው፤ ምን ያደርግሃል?” አለና ከፓኮው ሦስት ከረጢት አውጥቶ ሰጠኝ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አንዷን በፈላ ውሃ ዘፍዝፌ ጠጣሁ። ጠበቅኩ። አንድ ሰዓት አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ፤ ሆዴ ጸጥ እንዳለ ነው። “ይህ ቅጠል የእኔን ሆድ አያውቀውም” አልኩና አራት ሰዓት ላይ የቀሩትን ሁለቱን በአንድ ኩባያ ደግሜ ተኛሁ። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የአውቶቡስ ወንበር ላይ ነበርኩ።

የጀመረው ደብረ ብርሃን ሳንደርስ ነው። ዝርዝሩን ኋላ እነግራችኋለሁ፤ አሁን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲከነክነኝ የኖረውን ጥያቄ ላስቀድም። ያ ቅጠል ሌሊቱን ሙሉ የት ተደብቆ ነበር?

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰነመኪ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ከስኳር ጋር ተጣብቆ የታሰረ ነው። እንደታሰረ አፍን ያልፋል፤ ጨጓራን ያልፋል፤ ያንን ስድስት ሜትር ገደማ የሚረዝም ቀጭን አንጀት ማንንም ሳይነካ፣ ማንም ሳይነካው ይሻገራል። ትልቁ አንጀት ሲደርስ እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ስኳሩን ቆርጠው ይበሉና እስረኛውን ይፈቱታል። የተፈታው ነገር ሁለት ሥራ ይሠራል፤ የአንጀቱን ግድግዳ ቀስቅሶ ያስገፋዋል፣ ግድግዳውም ውሃ መምጠጡን እንዲተው ያደርጋል። ይህ ሁሉ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይወስዳል። ፓኮው ላይም ይጻፋል። እኔ ግን ፓኮውን አላነበብኩትም፤ ከረጢቶቹን ብቻ ነው የተቀበልኩት። በሁለት ሰዓት ውስጥ አልሠራም ብሎ የደገመ ሰው፣ ደብዳቤ ፖስታ ቤት ጥሎ ማምሻውን መልስ የሚጠብቅ ዓይነት ሰው ነው።

አማርኛችን ስለ ሆድ ሲናገር እንዴት እንደሚራቀቅ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ሆዴ ደረቀ፣ ተነፋ፣ ቆረጠኝ፣ ጮኸ፣ አጉረመረመ፣ ተገለበጠ እንላለን። የሁሉም አውራ ግን “አስቀመጠኝ” ነው። ለአፍታ እንኳ የማያስቀምጥን በሽታ “አስቀመጠኝ” ብሎ የሰየመው ሰው ጨዋ ነው ወይስ ቀልደኛ? እኔ ሁለቱንም ይመስለኛል።

ወደ ቤታችን ጓዳ እንግባ። አንድ የሻይ ማንኪያ ፌጦ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምሩና አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ያቺ ቀላ ያለች ደቃቃ ፍሬ ዙሪያዋን መስታወት የመሰለ ስስ ልብስ ትለብሳለች። በጣታችሁ ልትይዟት ብትሞክሩ ታመልጣችኋለች። ተልባም ያው ናት። “ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ” ብለን እንንቃታለን እንጂ፣ ሙቀጫ ውስጥ የተሸነፈችው ተልባ አንጀት ውስጥ አትሸነፍም። ያ የሚያንሸራትት ልብሷ ውሃ ይዞ አይለቅም። ውሃ የያዘ ነገር ያብጣል፤ ያበጠ ነገር የአንጀቱን ግድግዳ ይለጥጣል፤ የተለጠጠ አንጀት ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም።

ለምን አይቀመጥም የሚለውን ሁለት እንግሊዛውያን፣ ቤይሊስና ስታርሊንግ፣ በ1899 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ አሳይተዋል። አንጀት አንድ ቦታ ላይ ሲለጠጥ ከተለጠጠው በስተኋላ ያለው ይጨመቃል፣ ከፊት ያለው ይላላል። ከኋላ ጠበብ፣ ከፊት ላላ፤ ጠበብ፣ ላላ። ምግብ ወደታች የሚጓዘው በዚህ ነው፤ ተኝታችሁም፣ ተገልብጣችሁም ቢሆን ይጓዛል። የሚገርመው ግን ከውጭ የሚመጣውን ነርቭ ቆርጠውትም አንጀቱ ሥራውን አለማቋረጡ ነው። አንጀት ከመቶ ሚሊዮን በላይ የራሱ የነርቭ ሕዋሳት አሉት፤ ጭንቅላትን ሳያስፈቅድ ያስባል ቢባል ማጋነን አይሆንም። “ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ” ያሉት አባቶች ነርቭ ቆጥረው ባይሆንም፣ ሆድ የሚያውቀው ነገር እንዳለ ሳይገባቸው አልቀረም።

የተልባ ነገር ግን ያለ ውሃ አይሆንም። ባለሙያ እናት ተልባውን ቆልታ፣ ወቅጣ፣ ነፍታ፣ በብዙ ውሃ በጥብጣ ነው የምታቀርበው። ደረቁን በማንኪያ ቅሞ አንድ ጉንጭ ውሃ የሚያስከትልበት ሰው፣ ተልባው ውሃ ፍለጋ እዚያው ሆዱ ውስጥ እንዲዘምት መላኩ ነው። ሲያለሰልስ የነበረው ነገር ተጓጉሎ ራሱ መንገድ ይዘጋል። ፌጦም ስትፈጭ ሎሚና ውሃ ጠብ የሚደረግላት ለጣዕም ብቻ አይመስለኝም።

እስካሁን ያልኩት ስለ ሞላ ሆድ ነው። ባዶ ሆድስ? በጾም ቅዳሴ ቆማችሁ፣ ካህኑ ድምፁን ዝቅ ባደረገበት፣ ሕዝቡ ትንፋሹን በዋጠበት ሰዓት ሆዳችሁ “ጉርርርር” ብሎ አጠገባችሁ ያሉት ሴትዮ ዞር ብለው አይተዋችሁ አያውቁም? እኔን አይተውኛል። ያን ጊዜ ርቦት የሚያለቅስ መስሎኝ አዝኜለት ነበር። ለካ እየሠራ ነው። ሆድ ባዶ ሲሆን በየአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ከጨጓራ ተነስቶ እስከ ቀጭኑ አንጀት መጨረሻ የሚወርድ ጠንካራ ሞገድ አለው፤ የተረፈውን ፍርፋሪ፣ የተዋጠውን ምራቅ፣ የቀረውን ሁሉ ጠራርጎ ያወርዳል። እህል ሲገባ ያቋርጣል፤ እንግዳ ሲመጣ መጥረጊያ እንደሚደበቀው ማለት ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሴ ሆዴ ቢጮህ አላፍርም፤ ቤቱን እየጠረገ ነው።

ባዶ ሆድ ካነሳን ኮሶን አለማንሳት አይቻልም።

ኮሶ በአማርኛ ሦስት ነገር ነው። ዛፉ ኮሶ ነው፤ ከአበባው የሚሠራው መድኃኒት ኮሶ ነው፤ ሆድ ውስጥ የሚኖረው ጥብጣብ ትልም ኮሶ ነው። “ኮሶ ታየኝ” ያለ ሰው “ኮሶ ልጠጣ ነው” ይላል፤ ማንም ግራ አይጋባም። ጠላትና መሣሪያ በአንድ ስም የሚጠሩበት ሌላ ቦታ ለጊዜው አልመጣልኝም። ዛፉ የደጋ ዛፍ ነው፤ ወንድና ሴት አለው፤ ለመድኃኒት የሚፈለገው የሴቴዋ ቀላ ያለ የአበባ ዘለላ ነው። የዕፅዋት አዋቂዎች ከጽጌረዳ ቤተሰብ እንደሚመድቡት ሳነብ ብቻዬን ስቄያለሁ። ኮሶን የጽጌረዳ ዘመድ ነው ብሎ ለአጎቴ የሚነግረው ማን ይሆን?

አጎቴ ኮሶ የሚጠጣበትን ቀን በልጅነቴ አስታውሳለሁ። ከዋዜማው ጀምሮ ቤቱ ይለወጣል። ማታ ብዙ አይበላም። ሌሊት ላይ ሙቀጫ ይሰማል። ንጋት ላይ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ደጁን ፊት ለፊት አድርጎ ይቀመጣል፤ ኮሶው በዋንጫ ይመጣል፤ አፍንጫውን ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሳያርፍ ይጨልጠዋል። ከዚያ በኋላ ማንም አያናግረውም። እኛ ልጆች አጠገቡ ቁርስ አንበላም፤ የምግብ ሽታ ያስታውከዋል ይባላል። የሚጠይቀው ሰው ቢመጣ “ኮሶ ጠጥቷል” ይባላል፤ መጪውም ያለ ክርክር ይመለሳል። አበዳሪም ቢሆን ይመለሳል። ረፋዱ ላይ ወደ ጓሮ ይመላለሳል፤ በመጨረሻ ድምፁ ይሰማል፤ “እንጨት አምጡልኝ!” እንጨቱ ለምን እንደሆነ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። የትሉን ራስ ይፈልጋል።

ራሱን መፈለጉ ትክክል ነበር። በጥሬ ሥጋ የሚመጣው ይህ ትል ብዙ ሜትር ይረዝማል፤ ከአሥር ሜትር የሚያልፍም አለ። ራሱ ግን ከጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። በዚያች ራስ ላይ ባሉት አራት መጣበቂያዎች የቀጭኑን አንጀት ግድግዳ ይዞ ይኖራል። ያ ሁሉ ሜትር ወጥቶ ራሷ ከቀረች፣ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ እንደገና አድጎ ቁራጩን ይልካል። የጥንት የውጭ አገር ተጓዦች ኢትዮጵያውያን በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጣሉ ብለው ተገርመው ጽፈዋል። ለእኔ ይህ ልማድ ሳይሆን ቆጠራ ነው የሚመስለኝ። ማይክሮስኮፕ ያልነበረው ሕዝብ የትሉን ማደጊያ ጊዜ በራሱ ሆድ ለክቶ አግኝቷል።

የኮሶ አሠራሩም ብልህ ነው። በአበባው ውስጥ ያሉት ንጥረ ነገሮች የትሉን ጡንቻ ያደክማሉ፤ ከእነርሱ አንዱን ኬሚስቶች “ኮሶቶክሲን” ብለውታል፤ ቃላችን በዓለም የኬሚስትሪ መዝገብ ውስጥ በዚህ በኩል ገብቷል። ግን ማድከሙ ብቻውን አይበቃም፤ የደከመ ትል ቆይቶ ነፍስ ይዘራል። ኮሶው በዚያው ሰዓት አንጀቱንም ያስነሳና ያስጠርገዋል። አንዱ እጅ ያስለቅቃል፣ አንዱ እጅ ይገፋል። በባዶ ሆድ መጠጣቱም፣ መድኃኒቱ እህል ውስጥ ሳይጠፋ ትሉን በቀጥታ እንዲያገኘው ነው።

ይህ መድኃኒት ወደ አውሮፓ የገባበት መንገድ ለዛሬው ጨዋታችን የተሠራ ይመስላል፤ በቡና ቤት በኩል ነው የገባው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቁስጥንጥንያ ውስጥ የሚሠራ ብራየር የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ነበር። አንድ የቡና ቤት አሳላፊ በኮሶ ትል ተሰቃይቶ ሰውነቱ ሲያልቅ፣ የሐበሻን አገር የሚያውቅ አንድ አርመናዊ የኮሶ አበባ ሰጥቶ እንዳዳነው ይተረካል። ሐኪሙ ነገሩን ጻፈ፤ ኩንት የተባለው የዕፅዋት አዋቂም በ1824 እ.ኤ.አ. ዛፉን በብራየር ስም ጠራው። ለአሳላፊውም ለአርመኑም የደረሳቸው ነገር የለም። ዛፉን በሐበሻ ስም የጠሩት ግን ከእርሱ ቀድመው ነበሩ። ከዚያ በኋላ አበባው ለንደንና ፓሪስ በውድ ዋጋ ተሸጠ፤ የእንግሊዝ ይፋዊ የመድኃኒት መዝገብም ውስጥ ገባ። ሙሉውን ታሪክ የሚፈልግ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1979 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን ጥናት ይፈልግ።

እኛ ዘንድ ግን ኮሶ የሚሸጥ ሰው ክብር አልነበረውም። የቋራው ካሣ፣ የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ጠላቶቻቸው “የኮሶ ሻጭ ልጅ” እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። ከእነዚህ ጠላቶች አንዱ፣ ደጃዝማች ወንድይራድ፣ ይህንኑ ስድብ እየደጋገመ፣ ካሣን ይዤ እመጣለሁ ብሎ ለዚያን ዘመኗ እቴጌ መነን ፎክሮ ዘመተ። ተሸነፈ፤ ተማረከ። ካሣም ምርኮኛቸውን ኮሶ አቀረቡለት ይባላል። እናቴ ዛሬ ገበያ ሳይቀናት ቀርቶ የተረፋት ነው፣ እንግዲህ አንተ ጨርሰው የሚል ትርጉም ባለው ነገር ሸኙት። ይህን ታሪክ ሰው ሁሉ እንደ በቀል ይተርከዋል። እኔ ሳስበው ግን ሰውየው ከጦር ሜዳ ሽንፈቱ ይልቅ የማግስቱን ከሰዓት ሳይረሳ የሞተ ይመስለኛል።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የዛሬው ሐሳቤ ያለው። አጎቴ ኮሶን ይፈራ ነበር። ወንድይራድም በኮሶ የተቀጣው ኮሶ የሚፈራ ነገር ስለሆነ ነው። ያ ትውልድ “ቅጠል ነው፣ ምን ያደርጋል” ብሎ አያውቅም። ነፍሰ ጡር ኮሶ አትጠጣም፤ ገና ያልጠና ልጅ አይሰጠውም፤ በሽታ ያደከመው ሰው ይታገዳል፤ የጠጣ ሰው ከቤት አይወጣም፤ አስታማሚ አጠገቡ አይጠፋም፤ ማርከሻው አስቀድሞ ይዘጋጃል። ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ መጠኑ ያለፈ ኮሶ ዓይን አጥፍቷል፣ ሰውም ገድሏል። ዛሬ ሐኪም ቤት አንድ ጊዜ በሚዋጥ ክኒን የሚያልቅ ነገር ሆኗልና ኮሶ ጠጡ እያልኳችሁ አይደለም። የምለው፣ ቅጠሉን ይዘን ፍርሃቱን ጣልነው ነው። “ተፈጥሯዊ ነው” የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ከአጎቴ አፍ ግን ወጥቶ አያውቅም።

ጉሎን እንኳ ተመልከቱ። ፍሬው ተወቅጦ ምጣድ ሲታሰስበት ያላየ የገጠር ልጅ የለም። ዘይቱ ያስቀምጣል፤ በዓለም ላይ ከታወቁት የጥንት የሚያስቀምጡ መድኃኒቶች አንዱ ነው። እዚያው ፍሬ ውስጥ ግን ከዘይቱ ጋር የማይወጣ ገዳይ መርዝ አለ። አንዲት ፍሬ፣ ሁለት ዕጣ ይዛለች።

አሁን ደግሞ ሌላውን ወገን ላምጣው፤ የሚገፋውን ሳይሆን የሚያረግበውን። ሆዱን ቁርጠት የያዘው ሰው አንጀቱ አልሰነፈም፤ ከልክ በላይ ጨብጦ ነው። እንዲህ ላለው ሰው ግፊያ ሳይሆን ማፍታታት ነው የሚያስፈልገው። እናቶቻችን ለዚህ ነጭ አዝሙድ አላቸው፤ እንስላል አላቸው፤ ጦስኝ አላቸው። ነጭ አዝሙድንና ጦስኝን አሽትቷቸው፤ አንዱ የቅመም ተራ ነው፣ አንዱ የመንዝና የጣርማበር ብርድ ውስጥ መሬት ለመሬት የሚሳብ ቅጠል፤ ሽታቸው ግን ይመሳሰላል። ቢመሳሰል አይግረማችሁ፤ የሁለቱም ዘይት ውስጥ ቲሞል የሚባል ያው ንጥረ ነገር አለ። እንዲህ ያሉ ሽቱ ዘይቶች የአንጀትን ጡንቻ ያላላሉ፤ ጡንቻው ሲላላ ታፍኖ የቆየው አየር መውጫ ያገኛል፤ የተወጠረው ሆድ ይቀልላል። ሽሮው ውስጥ አዝሙድ የከተተችው የመጀመሪያዋ ሴት ማን እንደሆነች ባውቅ አንድ ነገር አደርግላት ነበር። ባቄላና አተር የሚያመጣውን መነፋት ማስታገሻውን እዚያው ዱቄቱ ውስጥ ቀላቅላ ሰጥታናለች። አሜሪካ ያለች ዘመዴ በመጣች ቁጥር ሻንጣዋ ከበርበሬው ቀጥሎ ጦስኝ ሳይዝ አይመለስም፤ እዚያ ጦስኝ ጠፍቶ ሳይሆን፣ የዚያኛው አይሸትም ትላለች።

ዝንጅብልን ከየትኛው ወገን እንደምመድበው አስቸግሮኛል። ይገፋል፣ ግን ከላይ ነው፤ ጨጓራን። ታይዋን ውስጥ 24 ጤነኛ ሰዎች 1.2 ግራም ዝንጅብል ወስደው ሾርባ ሲጠጡ፣ ግማሹ ከጨጓራቸው የወጣው በ13 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ያለ ዝንጅብል 27 ደቂቃ ያህል ወስዷል። ከበላ በኋላ “ደረቴ ላይ ቆመ” ለሚል ሰው ዝንጅብል የሚሰጠው ያለ ነገር አይደለም። ሰነመኪ የሚሠራው ደግሞ ከታች ነው። እንግዲህ ከላይ የቆመበትን ሰው ከታች ብትገፉት፣ ወይም የጨበጠውን አንጀት የበለጠ ብታስጨብጡት ምን ይሆናል?

ይህ ቀልድ ያልሆነበት ቦታ ነው። አንጀት ሲታጠፍ ወይም ሲጠማዘዝ፣ እኛ አገር ደግሞ አንጀት መጠማዘዝ ሐኪሞቻችን በደንብ የሚያውቁት በሽታ ነው፣ ሰውየው የሚለው ያው ነው፤ “ሆዴ ተነፋ፣ ደረቀ፣ ቆረጠኝ።” ጎረቤትም የምትለው ያው ነው፤ “የሚያስቀምጥ ስጡት።” የተዘጋን ቧንቧ ከኋላ መግፋት ግን መክፈት አይደለም፤ ማፈንዳት ነው። የትርፍ አንጀት ሕመምም እንዲሁ ነው። አየርም ሰገራም እምቢ ብሎ ማስታወክ የተጨመረበት፣ ሆዱ ሲነካ የሚያስጮኸው፣ ትኩሳት ያለው፣ ደም ያየ ሰው ቅጠል አይቀቀልለትም፤ መኪና ይፈለግለታል። ገና ለተወለደ ሕፃንም ቁርጠት ነው ተብሎ የጤና አዳም ውሃና የአብሽ ውሃ ጠብ ሲደረግለት አይቻለሁ፤ ለእርሱ የእናቱ ጡት ይበቃዋል። ጤና አዳም ራሱ ቀላል ቅጠል አይምሰላችሁ። ለነፍሰ ጡር ማኅፀን ያሰጋል፤ ቡናዋ ላይ የምትጣለውን አንዲት ቅርንጫፍ ሳይሆን ተቀቅሎ በብርጭቆ የሚጠጣውን ነው የምፈራላት።

ቡና ካልን፣ ፈልቷል መሰለኝ። ቡናም ከዚሁ ማኅበር ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር 99 ወጣቶችን ጠይቀው 29 በመቶው ቡና ወደ መጸዳጃ እንደሚጠራቸው ተናገሩ። ከዚያ አንጀታቸውን ሲለኩ፣ የሚጠራቸው ሰዎች የታችኛው አንጀታቸው ከጠጡ በአራት ደቂቃ ውስጥ መንቀሳቀስ ጀመረ። አራት ደቂቃ! ቡናው እዚያ ሊደርስ አይችልም፤ ወሬው ነው የደረሰው። ካፌኑ የወጣለት ቡናም ያንኑ አድርጓል። አባቴ ከአቦል በኋላ ነጠላውን አስተካክሎ ሹልክ የሚልበትን ምክንያት ሳይንስ ያወቀው ዘግይቶ ነው።

ቃሌን ልጠብቅ። ወደ አውቶቡሱ።

ደብረ ብርሃን መቃረቢያ ላይ ሆዴ መጀመሪያ አንዴ ዞረ። ቀጥሎ ጠበብ፣ ላላ፤ ጠበብ፣ ላላ። ቤይሊስና ስታርሊንግን ያን ጊዜ አላውቃቸውም። ላቤ ግንባሬ ላይ ቆመ። ረዳቱን “አስቁምልኝ” አልኩት፤ “ደብረ ብርሃን ቁርስ እንቆማለን” አለኝ። ደብረ ብርሃን ቆምን፤ ሰው ሁሉ ወደ ቁርስ ሲሮጥ እኔ በሌላ በኩል ሮጥኩ። ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ያለቀ መሰለኝ። ሁለተኛው ኩባያ ግን ገና እየመጣ ነበር። ጣርማበር ሳንደርስ፣ በዚያ ጉም ውስጥ፣ ሾፌሩ ሁለት ጊዜ አቁሞልኛል፤ ስልሳ ሰው በመስኮት ጉሙን እያየ ጠብቆኛል። ጉሙን እግዜር ይስጠው።

አጠገቤ የተቀመጡት እማማ እስከዚያ አንድ ቃል አልተናገሩም። ለሦስተኛ ጊዜ ስመለስ ዞር አሉና፣ “ምን በልተህ ነው ልጄ?” አሉኝ። መዋሸት አልቻልኩም፤ ከሻዩ እስከ ድጋሚው ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ከእኔ ይልቅ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል፣ “መድኃኒት ጠጥቶ መንገድ?” አሉ። “በእኛ ጊዜ ኮሶ የጠጣ ሰው ከአጥር አይወጣም ነበር። አንተ አገር ልታቋርጥ ተሳፈርክ።”

የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። ውስጡ ቋጥረው የያዙት ነጭ አዝሙድ ነበር። መዳፌን ዘረጋሁ፤ እርሳቸው ግን መዳፌን ገፋ አደረጉና በሁለት ጣታቸው ቆንጥረው፣ ጣቶቻቸውን አሻሽተው ትርፉን ወደ ቋጠሮው መልሰው፣ የቀረችውን ምላሴ ላይ አደረጉልኝ። “አኝካት፤ አትዋጣት። እንዳትደግም።” አፌ ተቃጠለ፤ ቁርጠቱ ቀስ እያለ ለቀቀኝ። አዝሙዱ ይሁን ወይስ የሚወጣ ነገር አልቆ፣ እስከዛሬ አልፈረድኩም።

የጣርማበርን ዋሻ አልፈን ቁልቁል ወርደን ደብረ ሲና ስንደርስ ቆሎ ሻጮቹ መስኮቶቹን ከበቧቸው። እማማ መስኮታቸውን ከፍተው ገዙ፤ ለፊተኛው ወንበር ሰጡ፤ ለኋለኛው ሰጡ፤ ለረዳቱ ሳይቀር ዘገኑለት። እኔም እጄን ዘረጋሁ።

“አንተ ነገ” አሉኝ።